ዘግይታ የምትነሳ እጅ

ጢሮስ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2013

ለእህቴ ለኢብቲሳም፤

ከዚህ እስከ አቢጃን ያለውን ባሕር የሚያህል ሰላምታ ይድረስሽ። ለባልሽ ለአድናንም ሰላም በይልኝ። የላክሽው ሸሚዝ ደርሶኛል፤ አንገቱ ይጠበኛል፣ ግን እለብሰዋለሁ። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታ። ያዘገየኝ ሥራ አይደለም፣ የምጽፈው ነገር አጥቼ ነው። ስልክም ላይ ያው "አላህ ይመስገን" ተባብለን እንዘጋለን።

ስለ ጉልበቴ ላነሳሽው፣ አያመኝም። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ መዳፍ የምታህል ቦታ ደንዝዛ ቀርታለች፤ በመርፌ ብትወጊኝ አላውቅም። ሐኪሙ ስሜቱ ይመለሳል ብሎኝ ነበር። አልተመለሰም፣ እኔም መጠበቁን ትቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽና ሌላውም ሰውነቴ እንደዚያች ቦታ እየሆነ ነው። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ቀብር ስሄድ አንገቴን እደፋለሁ፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ።

ሥራዬ እንደ ድሮው ነው። በሰዓት የሚከራየውን ትንሹን ሜዳ እጠብቃለሁ፤ መብራት አበራለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ከአጥር የወጣ ኳስ አመጣለሁ። የባንክ ሠራተኞችና ቦርጫም ጥርስ ሐኪሞች እየመጡ ይራገጣሉ። አንዳንዱ "አንተ ያ አጥቂው ናዚህ አይደለህም?" ይለኛል። "ነበርኩ" እለውና ኳሱን እሰጠዋለሁ።

የስንብት ጨዋታውን ወሬ ማን እንዳደረሰሽ አላውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ራሴ የሰማሁት ከተማው ከሰማ በኋላ ነው። አዎ፣ የክለቡ ሊቀመንበር መጥቶ ነበር። ስታዲየሙ እንደገና ለተመልካች ስለተከፈተ በዲሴምበር በወጉ ሊያሰናብቱኝ ይፈልጋሉ። ወጉን ታውቂዋለሽ። ጥቂት ደቂቃ እጫወታለሁ፣ የተቃራኒው ግብ ጠባቂ ለክብሬ ብሎ መንገድ ይለቅልኛል፣ አንድ ጎል አገባለሁ፣ ጨዋታው ቆሞ ያቅፉኛል፣ መለያዬን አውልቄ ለምወደው ሰው እሰጣለሁ። እምቢ አልኩት። እግሬ እግር በነበረ ጊዜ ተመልካቹ እርስ በርሱ እንዳይባላ ተብሎ ስታዲየሙ ዝግ ነበር። ምርጥ ዓመታቴ ያለቁት ለባዶ ወንበር ስጫወት ነው። የአሰልጣኙ ስድብ ከወንበር ወንበር እየነጠረ ይመለስ ነበር። አሁን እያነከስኩ ሰው ፊት ወጥቼ ምን ልሠራ ነው?

ደግሞስ መለያውን ለማን ልሰጥ? አባዬ ተቀምጦ ለሌላ ሰው ብሰጥ ከተማው ጉድ ይላል። ለእሱ ደግሞ አልሰጥም። እግሬ የተሰበረ ቀን፣ እኔ ሆስፒታል ስጮህ፣ እሱ ጸጉር አስተካካዩ ሐሊም ቤት ገብቶ "ልጄ የማሸነፊያውን ጎል አገባ" እያለ በትሪ ሙሉ የባቅላባ ጣፋጭ አደለ። ዝግ በነበረው ዘመን ሁሉ ከስታዲየሙ ጀርባ ካለው ከሴትዮዋ ከሲት ሙኒራ ቤት ጣሪያ ላይ ሆኖ ያየኝ የነበረ ሰው ነው። "ስወድቅ አላየህም?" ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

አባዬ ደህና ነው፤ እንደ በቅሎ ጠንክሯል። አታስቢ።

ወንድምሽ ናዚህ


አቢጃን፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2013

ወንድምዬ፣

"እንደ በቅሎ" የምትለዋ ላይ ስደርስ ደብዳቤህን አጠፍኩት። በእኛ ቤት ሰው እንደ በቅሎ የሚሆነው ሲታመም ነው። እናታችንም ልትሞት ሰሞን እንደ በቅሎ ነበረች፤ ያን ጊዜም የጻፍክልኝ አንተው ነህ። የሐጂ ሹክሪ ምራት ከትናንት ወዲያ ከጢሮስ ገብታ የዛታር ቅመሙንና ወይራውን አደረሰችልኝ። "አባቴስ?" ብላት ዓይኗን ወደ ሻንጣዋ መለሰች። "ወደቡ ላይ ካየሁት ቆየሁ" አለችኝ። አባዬ መረብ መጠገን ካቆመ ወዲህ እንኳ ከወደቡ ቀርቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም።

እኛ እንዲህ ነን። አገር ቤት ያለው ውጭ ላለው ክፉ አይነግርም፣ ውጭ ያለውም ለአገር ቤቱ አይነግርም። ለመተሳሰብ ብለን ሁላችንም እንዋሻለን። አሁን ግን እኔን ማሰቡን ተውና ንገረኝ። ምን ሆኖ ነው?

እዚህ እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል፣ ጨርቁ ሱቁ ውስጥ ይሻግታል፣ አድናን ይነጫነጫል። የእኛ ነገር ይኸው ነው።

የስንብቱን ጨዋታ እምቢ ማለት መብትህ ነው። አልቆጣህም፤ ብቆጣህም ከዚህ አትሰማኝም። ነገር ግን "ያየኝ የነበረ ሰው" ያልከውን ቃል እንደገና አስብበት። ከዚህ በላይ እንዳልናገር ምላሴ የታሰረው በእናታችን መቃብር ነው፤ ምያለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጎል ስታገባ አባዬ ከጣሪያው ላይ እጁን ያነሳልህ ነበር አይደል? እንዴት አድርጎ እንደሚያነሳት ጻፍልኝ። ደህና አድርገህ አስታውስ።

እህትህ ኢብቲሳም


ጢሮስ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 2013

እቴ፣

ይቅር በይኝ። ወድቆ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ተቀምጬ ነበር። ጎረቤቶቻችን የጋዝ ሲሊንደር ደረጃው ላይ አቁመው ነበር። ረፋድ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ሲሊንደሩ ቀይ ነው። እሱ ግን ዝም ብሎ ሄደበት። ዳሌው ተሰንጥቋል። አሁን ቤት ገብቷል፤ ይበላል፣ ይራገማል፣ በተሽከርካሪ ወንበር አወጣዋለሁ።

የምነግርሽ ሌላ ነገር አለ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ዓይኑን በእጅ ባትሪ ስታይ ቆየችና "አባትህ ማየት ያቆመው መቼ ነው?" አለችኝ። "ያያል እኮ፣ ጋዜጣ ያነባል" አልኳት። ባትሪውን ሰጠችኝና ራስህ አብራበት አለችኝ። አበራሁበት። የዓይኑ ብሌን አልተንቀሳቀሰም። ግላኮማ ነው፣ ዓመታት የፈጀ ነው፣ አሁን የሚደረግ ነገር የለም አለች። ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል። የማስታውሰው ግን ባትሪው እንዴት እንደሚጠፋ ጠፍቶኝ መቆሜን ነው።

ቤት ስንመለስ ነገሩን ሁሉ ማየት ጀመርኩ። እቤታችን ወንበር ከቦታው ተነቃንቆ አያውቅም፤ ካነቃነቅኩት ይጮህብኝ ነበር። ጋዜጣውን የሚያነብለት ሐሊም ነው። "መነጽሬ ቤት ቀረ" ይለዋል። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ መነጽር አይቼ አላውቅም። ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬ ይህን አለማወቄ አያሳፍረኝም ብልሽ እዋሻለሁ። ግን ኀፍረቱም እንደ ጉልበቴ ነው፤ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ፣ አይሰማኝም።

ስለ እጁ ጠይቀሽኛል። ጎል ሳገባ ወደዚያ ልብስ ወደሚሰጣበት ጣሪያ ዞሬ እጄን አነሳለሁ። እሱም ያነሳ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ። እኔ አውርጄ ወደ መሐል ሜዳ ስመለስ ነው የእሱ እጅ የምትነሳው። አንዳንዴ ጎል ያገባው ሌላ ሰው ሆኖ ያነሳል። ተቀይሬ ስወጣም ያነሳል። የቡድኑ ልጆች "አባትህ ታክሲ ሊያስቆም ነው?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በዚያ ላይ የሐሊም ቤቱን ጨምሪበት። ጋዜጣው አንድ ብሎ ሲጽፍ "ሐሰት ነው፣ ልጄ ሦስት ነው ያገባው፣ ጋዜጠኛው ጉቦ በልቷል" ይል ነበር። "አቡ ናዚህ እኮ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የልጁንም ጎል የሚቆጥረው ያመለጠውን ዓሣ በሚለካበት ነው" ይሉት ነበር። ልምምድ ላይ ይህን ቀልድ ያልሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኔ ያፈርኩት በእሱ ነው።

መልሺልኝ። ታውቂ ነበር? ጣሪያው ላይ በነበረ ጊዜ ያይ ነበር ወይስ አያይም?

ናዚህ


አቢጃን፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2013

ናዚህ፣

አያይም ነበር።

መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ እናታችን ትረዳኛለች። ያወቅኩት ለእሷ አርባ በመጣሁ ጊዜ ነው። ውኃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ወደ ጠረጴዛው ሲያፈስ አየሁት። እጁን ያዝኩትና "አባዬ፣ ስንት ጣት ነው?" አልኩት። ተቆጣኝ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና በሩን ዝጊው አለኝ። ቅርቡን እንደ ጥላ ያያል፣ ሩቁ ግን ጨለማ ነው፤ ያኔ እንዲህ ነበር።

እኔ ለናዚህ ልንገረው አልኩ። እሱ ያለውን ቃል በቃል ልጻፍልህ፣ ረስቼው አላውቅምና። "ሜዳው ላይ ሰው ተከልክሏል። ልጁ ያለው ተመልካች እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ዕውር መሆኔን ካወቀ ለማን ይጫወታል?" አለኝ። ያን ሰሞን የዮርዳኖሱ ክለብ ይፈልግህ ነበር። "ካወቀ አይሄድም፣ እኔን ሊጠብቅ ይቀራል" ብሎ አስማለኝ። አንተ ሄደህ አንድ ወቅት ተጫውተህ ተመለስክ፤ እሱ ያንን ወቅት ሁሉ ጣሪያው ሳይወጣ ቤት ተቀምጦ አሳለፈው።

"ታዲያ ጣሪያው ላይ ወጥተህ ምን ታደርጋለህ?" አልኩት። ሳቀብኝ። ድሮ ጎል በጆሮ ይታወቅ ነበር፣ ሕዝቡ ይነግርሃል፤ አሁን ግን ስታዲየሙ እንደ መቃብር ዝም ስላለ ሙኒራ ትነግረኛለች አለኝ። ልብሷን እያሰጣች የምታየውን ትነግረዋለች። እጁ የምትዘገየው ለዚህ ነው። ጎልህ ከሜዳ እስከ ሙኒራ አፍ፣ ከሙኒራ አፍ እስከ እሱ ክንድ መጓዝ ነበረባት።

የባቅላባውን ነገር እኔም አላውቅም። እሱንም አትጠይቀው። ሙኒራን ጠይቃት።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ሲባል ሰምተሃል። ለወቀሳ አይደለም የጻፍኩት፤ እኔም እያወቅኩ ዝም ያልኩ ነኝ። አሁን ግን አውቀሃል፣ አባትም አለህ፣ ዲሴምበርም አልደረሰም።

ኢብቲሳም


ጢሮስ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 2013

እቴ፣

ሄጄ ነበር። ሲት ሙኒራ አርጅታለች፤ ልብሱን ግን አሁንም ራሷ ናት የምታሰጣው። ጣሪያው ላይ ወሰደችኝና እሱ ይቀመጥበት የነበረውን የፕላስቲክ ሳጥን አሳየችኝ። ከዚያ ሲታይ ሜዳው መዳፍ ያህል ነው። ኳስ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"እኔ? እኔ የማውቀው የልብስ መቆንጠጫ ነው" አለች። "ያቺ ኳሳችሁ ከዚህ ስትታይ ሽምብራ ታህላለች። የት እንደገባች በምን ዓይኔ ላያት? ልጆቹ ተሯሩጠው ሲያቅፉህ ግን ይታየኛል። ሲያቅፉህ 'አቡ ናዚህ፣ ልጅህ አገባ' እለዋለሁ። ምስኪን፣ እጁን ያነሳል።"

እግሬ የተሰበረ ቀንስ አልኳት።

"የዚያን ቀንማ ተወኝ። የዚያን ቀን ያቀፉህን ያህል መች አቅፈውህ ያውቃሉ? ያኛው ቡድን ሳይቀር መጣ። ሁሉም እላይህ ላይ ጎነበሱ። 'ይህስ ትልቅ ጎል ነው' አልኩት። ቃሌን ሳልጨርስ ደረጃውን እየዳበሰ ወርዶ ወደ ጣፋጭ ቤት ሄደ። በኋላ እግርህ ተሰብሯል ሲሉኝ፣ ካገባህ በኋላ የተሰበርክ መስሎኝ አዘንኩ።"

አሁንም የሚመስላት እንደዚያ ነው። አልነገርኳትም። ውጤቱን እንኳ ሰምተው አያውቁም እንዴ ትይኝ ይሆናል። ይሰማሉ፣ ግን ጋዜጣው ውሸታም ነው ብለው ተማምለዋል። አመስግኛት ወረድኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ተቀይሬ ስወጣ የጓደኛ ማጽናኛ፣ የበዓል እንኳን አደረሰህ፣ የልደት ቀልድ፣ መተቃቀፍ ያለበት ሁሉ እሱ ዘንድ ጎል ሆኖ ተቆጥሯል። ሐሊም ቤት አንድም ቀን አልዋሸም። አምኖ ነው። እኔን ንቆ ጣፋጭ ያደለ እየመሰለኝ ስንት ዘመን አኮረፍኩት።

በማግስቱ ለሊቀመንበሩ እሺ አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ የአባዬ ተሽከርካሪ ወንበር ከተቀያሪዎቹ ጎን ሜዳው ዳር ይቆም፣ ሙኒራም አጠገቡ ትቀመጥ። ለአባዬ ስነግረው "ዳሌዬን ያመኛል" አለ። ቆይቶ ግን ኮቱን አስተኩሱልኝ አለ።

የጎሎቹን ነገር ልንገረው ወይስ ልተወው? አንቺ ምን ትያለሽ? መምጣትስ ትችያለሽ?

ናዚህ


አቢጃን፣ ዲሴምበር 6 ቀን 2013

ወንድምዬ፣

መምጣት አልችልም፤ የገና ገበያ ነው፣ አድናንንም ወገቡ አስተኝቶታል። አትቆጣኝ። ደብዳቤህን አነበብኩለት። የሙኒራ ሽምብራ ላይ ስደርስ ሳቀ። ባቅላባው ላይ ስንደርስ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስለ ጎሎቹ ለጠየቅከኝ፣ መንገርህ እውነት ነው፣ አለመንገርህም ደግነት ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን የለቀመውን በእርጅናው ከእጁ ማራገፍ ደግሞ ከባድ ነው። አንተ ግን ዝም ብለህ አግባና የሕዝቡን ጩኸት በጆሮው ይስማ። አንዲት እውነተኛ ጎል ትበቃዋለች። ግብ ጠባቂውም መንገድ ይለቅልሃል አይደል? እንግዲህ ምን ያስቸግራል።

ከጨዋታው በኋላ በስልክ አትንገረኝ። ጻፍልኝ።

ኢብቲሳም


ጢሮስ፣ ዲሴምበር 23 ቀን 2013

እቴ፣

ሳትኳት።

ጠዋት ዘንቦ ሜዳው ረጥቦ ነበር። ሰው እንዳሰብኩት አይደለም፣ ግን መጥቷል፤ ስሜን ጠርተዋል። ስሜን በሰው ድምፅ ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የተሰማኝ ግን የሌላ ሰው ስም የሚጠሩ ያህል ነው፤ ያ ሰው የት ሄዶ ነው ብዬ ዞር ማለት ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

ኳሷ ከቀኝ መጣችልኝ። ግብ ጠባቂው እንደ ወጉ ወደ ግራ ወደቀልኝ፣ መረቡ ባዶ ነው። በደህናው ዘመን ዓይኔን ጨፍኜ የማገባት ናት። እግሬ ከጉልበቴ በላይ የት እንዳለ አላወቅኩም። ኳሷ ቋሚውን ብረት መታችና ወጣች። ሕዝቡ "ወይ..." ብሎ ተነፈሰ። ልጆቹ ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ተያይተው መጡና አቀፉኝ፤ የስንብቴ ቀን ነው፣ ምን ያድርጉ። ግብ ጠባቂው ከጭቃው ተነስቶ "ይቅርታ ጋሼ፣ ከዚህ በላይ መውደቅ አልችልም" አለኝ። ሳቅኩ መሰለኝ።

መለያዬን አውልቄ ወደ አባዬ ሄድኩ። እንደደረስኩ ሙኒራ እንደ ልማዷ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ "አቡ ናዚህ፣ ልጅህ አገባ" ስትለው ሰማኋት። እጁን አላነሳም።

"አላገባም፣ ሙኒራ" አለ።

"አቀፉት እኮ፣ ይኸው እያየኋቸው።"

"ሕዝብ እንዲህ የሚተነፍሰው ስትወጣ ነው። ብረቱንም ሰምቻለሁ።" ፊቱ ላይ አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ሲያልፍ አየሁ፤ ወደ ኋላ እየቆጠረ እንደሆነ ገባኝ። እኔ ልነግረው ወይስ ልተወው ስል የከረምኩትን፣ ያ የሕዝብ ትንፋሽ ነገረው። "ሙኒራ" አላት በመጨረሻ፣ "ያን ሁሉ ዓመት የምትቆጥሪልኝ መተቃቀፉን ነበር?"

"ታዲያ ሌላ ምን ይቆጠራል?" አለችው።

እጁን ዘርግቶ ፈለገኝ። እዚህ ነኝ አልኩት።

"ጣፋጭ ያደልኩ ቀን የከበቡህ ወድቀህ ነው?"

"ወድቄ ነው፣ አባዬ።"

አገጩ ተንቀጠቀጠ። አባዬን እንዲህ ሆኖ ያየሁት በእናታችን ቀብር ብቻ ነው። አዘንኩለት። ይህን የምጽፍልሽ ስለተሰማኝ ነው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ አዘንኩ። መለያውን ጭኑ ላይ አኖርኩለት። ርጥብ ነበር። ጀርባው ላይ የተሰፋውን ቁጥር በጣቱ ዙሪያውን ተከተለው።

"ዛሬስ አቀፉህ?" አለኝ።

"አቀፉኝ።"

"እንግዲያው ትቆጠር" አለ።

በታክሲ ስንመለስ ሐሊም ቤት አስቁምልኝ አለኝ። ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮቱ "ሐሊም፣ ጋዜጣው ልክ ነበር። ጋዜጠኛውን ካገኘኸው ይቅር በለኝ ብሎሃል በለው" አለው። ሐሊም መቀሱን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወንበር ላይ ያሉት ሰዎች ሊስቁ አሉና እኔን አይተው ተዉት።

መንገዳችንን ስንቀጥል አባዬ መለያውን በአንድ እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ሌላኛውን እጁን እየዳበሰ አምጥቶ እግሬ ላይ አሳረፋት፤ ከጉልበቴ ከፍ ብላ እዚያችው ደንዛዛ ቦታ ላይ። ተሰማኝ ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር፣ ግን አልዋሽሽም፣ አልተሰማኝም። እጁ እዚያ መሆኗን ያወቅኩት አይቼ ነው። እግሬን ግን ቤት እስክንደርስ አላንቀሳቀስኩትም።

ናዚህ